ሦስተኛው ሰላምታ እስኪያልቅ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «በዚያች ሌሊት» ይላል። እኔ ከአምቦ የወጣሁት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ገበያው ሞልቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየኝ። ብልሃቱ የኦቦ ደበላ ነበር። በጨለማ የሚሄደውን ኬላ ላይ ያስወርዱታል፣ በጠራራ ፀሐይ ጥንቅሽ እያኘከች የምትሄደውን ግን ማን ይጠረጥራታል አሉኝ። ስለዚህ ጥንቅሽ እያኘክሁ ሄድኩ። እናቴ ቆማ አልሸኘችኝም። እንዳይነቃብን ብላ ሽንኩርት ልትገዛ ሄደች። እስከ ዛሬ ስለ እሷ ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ጀርባዋና ዘንቢሏ ነው።

ኦቦ ደበላ የእንጭኒ ሰው ናቸው። አምቦ ግን ከቤታችን አጥር ለአጥር ነው የኖሩት፤ ከባኮ በቆሎ የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሚስትም ልጅም የላቸውም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጣራችን ባፈሰሰ ቁጥር ቆርቆሮው ላይ የሚወጡት እሳቸው ነበሩ።

ለምን ሄድሽ ለሚለኝ አጭሩ መልስ ምላሴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቀበሌው ስብሰባ ላይ ስኳሩ የት ገባ ብዬ ጠየቅሁ። በሳምንቱ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ተነሥቼ ከራሴ ጀመርኩ፤ የኔ ጥፋት ቶሎ አለቀብኝና የተረፈውን ጊዜ ለሊቀ መንበሩ ሰጠሁት። ሰው ሳቀ። የጨረሰኝ ሳቁ ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር ሂስ ይችላል፣ ሳቅ ግን አይችልም።

ጉደርን ወርደን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ ባኮ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። (ያኔ ሙቀት ያየሁ መስሎኝ ነበር። ካርቱም ያላችሁ ትስቁብኛላችሁ።) እዚያ አንድ የኦቦ ደበላ ወዳጅ መጣ። «ነጋ?» አሉት፤ ሰላም ነህ ወይ ነው በኦሮምኛ። «ነጋ» አለ። ልጆቹ? ነጋ። ከብቱ? ነጋ። ሚስትዬው? ነጋ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ከዚያ የመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ አሉ፤ ሰውየው መሬቱን በእንጨት ጫረ ጫረና «ገሩ…» አለ፤ ግን ማለቱ ነው። ወንድሙ ከታሰረ ወር ሆኖታል፤ የት እንዳደረሱት አይታወቅም።

እኔ ከላይ ጆንያው ላይ ሆኜ ተቃጠልኩ። ጋቢና ገብቼ መኪናው እንደተንቀሳቀሰ፣ ወንድሙ ታስሮ ምኑ ነው ሰላሙ፣ ለምን ከመጀመሪያው አይናገርም አልኳቸው።

«ሌሊሴ» አሉኝ መሪውን እንደያዙ፣ «ሞተር ሳይሞቅ ማርሽ ይገባል?»

መልሱ አልጣመኝም። እኔ ሳይሞቅ የምነሣ ነኝ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ዋጋ ያስከፈለው እሱ ነው።

ነቀምቴን አልፈን መንዲ ላይ አወረዱኝ። ለነጋዴዎች አደራ ሰጡኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ተመለሱ። ከዚያ በእግር ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትን እንቅልፍ ለምን ልንሳው። አራት ቀን ሄድን፤ ኩርሙክ ስንገባ የግራ ጫማዬ ሶል አልነበረውም። የገረመኝ ድንበሩ ነው። ድንበር ስል አጥር፣ ግንብ፣ ወታደር ተሰልፎ አስቤ ነበር። ደረቅ ወንዝ ነው። ማዶውም ያው አሸዋ ነው።

ካርቱም የስደተኞች ጽሕፈት ቤት የተቀበለኝ ሰው ሞራ የያዘ መነጽር ነበረው። በእንግሊዝኛ ተነጋገርን፤ የሱም የኔም የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለሆነ ተግባባን። የት ተወለድሽ አለኝ። አምቦ አልኩት። የትምህርት ቤት ወረቀቴን አገላብጦ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ሀገረ ሕይወት ነው አለ። አንድ ናቸው አልኩት። አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ስም አላቸው አለኝ። አሮጌው ማኅተም ገና አላለቀም ይሆናል አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«በሁለት ከተማ የተወለደች ሴት ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ። አንዱን ምረጪ።»

«እኔ የተወለድኩት አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ የተሰየመው ከተማው ነው።»

«እንግዲያው ከተማው ይምጣና ያስረዳ» አለና ለሳምንት ቀጠረኝ። በሳምንቱ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ምንም ሳይጠይቅ ማኅተሙን መታልኝ።

ቤት ያገኘሁት ደይም ነው፣ ያበሻ ሰፈር፣ ከሐጃ ዘይነብ። ሐጃ ዘይነብ ግቢያቸው ሰፊ፣ ልባቸውም ሰፊ፣ ጥርጣሬያቸው ግን ከሁለቱም ይሰፋል። በሩ ላይ ቆመው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«አንድ ነኝ።»

«ይኸ ዛሬ ነው። በኩራስ?»

በኩራ ነገ ማለት ነው። አበሻ ዛሬ አንድ ሆኖ ገብቶ ነገ ሰባት ሆኖ እንደሚገኝ በብዙ ተከራይ ተምረዋል። ነገም አንድ ነኝ ብዬ ማልሁ።

ኑሮውን ለመድኩት። ኪስራቸው እንጀራ ይመስላል፤ ዓይን የለውም፣ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ወጥ ሲነካው እጅ ላይ ይቀልጣል። መጀመሪያ አለቀስኩበት፤ አሁን ሳጣው ይርበኛል። አቧራው፣ እነሱ ሀቡብ የሚሉት፣ ከሰማይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። ሰዉ ግን ደግ ነው። በየበሩ አፍ ዚር የሚሉት ትልቅ የሸክላ ጋን ተቀምጧል፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ላዩ ላይ ጣሳ። አላፊ አግዳሚው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ቀድቶ ይጠጣል። ከምንጭ አገር መጥቼ ስለ ውሃ ደግነት እዚህ ተማርኩ ብል አምቦዎች እንዳትቀየሙኝ።

ሥራ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ተቀጠርኩ፣ የኩላሊት ክፍል። አምስት መኪና አለ፤ እያንዳንዱ ቁምሳጥን ያክላል። ኩላሊቱ የተበላሸበት ሰው አጠገቡ ይተኛል፤ ደሙ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያልታጠበ ይሞታል። ለእናቴ በሰው እጅ የላክሁት ደብዳቤ ላይ ጉራዬን ነዛሁ፦ «እዚህ ደም የሚያጥብ መኪና አለ፤ ወለሉን የምጠርግለት እኔ ነኝ።»

ደብዳቤውን እናቴ ለጎረቤት አስነበበች። ለጎረቤት ማለት ለኦቦ ደበላ ነው።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ ከሥራ ስመለስ ሐጃ ዘይነብ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ነገ መጣ» አሉኝ። ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ጠቧል፤ በድምፃቸው ባይሆን ባላወቅኋቸው።

«ሌሊሴ፣ ነጋ?»

«ኦቦ ደበላ! ምን ሆኑ?»

«ነጋ ነው» አሉ። ከዚያ «ፊልትሮው ነው የተደፈነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም ኩላሊቶችዎ አልቀዋል፣ እኛ ዘንድ ለርስዎ የሚሆን መኪና የለም ብሏቸዋል። እሳቸው ደብዳቤዬን አስታወሱ። ዘይት የሚያጣራው ሲደፈን ሞተር እንደማይጣል የሚያውቁ ሰው፣ በዚያው እኔን ባመጡበት መንገድ፣ በዚያ ባበጠ እግራቸው መጡ። በኔ ጉራ ነው የመጡት። ስለዚህ የኔ ናቸው አልኩ። ሐጃ ዘይነብም ማማረራቸውን ሳያቋርጡ የጓሮውን ክፍል አስጠረጉላቸው።

ሆስፒታሉ ስደተኛ ብሎ አልመለሳቸውም። እሑድና ረቡዕ ተሰጣቸው። ታዲያ መኪናው ሕግ አለው፦ በቀን የሚጠጡት ግማሽ ሊትር ብቻ ነው፣ ሻዩም ሾርባውም ተቆጥሮ። ሙዝ የለም፣ ብርቱካን የለም፣ ጨው የለም። ይህን በካርቱም ፀሐይ ሥር፣ ዚር በሞላበት መንገድ አስቡት። ደግሞ ለአምቦ ሰው! የጋዙን ውሃ ቆርኪ በጥርሳቸው ከፍተው፣ ጉሮሯቸው ሽቅብ ቁልቁል እያለ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሱ ሰው ነበሩ። አሁን ውሃቸውን በሽሮፕ ብልቃጥ እየለኩ በቀን ስምንት ጊዜ ይጎነጫሉ።

በዚህ መሃል ዶክተር ኢብቲሳም ከእንግሊዝ ተመለሰች። ሱዳናዊት ናት፣ ወጣት፣ ፈጣን፣ ስትሄድ ጫማዋ ከሷ ቀድሞ የሚሰማ። አንድ ወፍራም ወረቀት ይዛ መጣች። አርባ ጥያቄ አለው። እስካሁን የለካነው ደሙን ነው፣ ሰውየው እንዴት እንደሚኖር የለካ የለም፣ ደሙ ጥሩ ሆኖ ኑሮው ሲኦል የሆነ ይኖራል አለች። እንዴት ይተኛል? ይበላል? ምን ያህል ይራመዳል? ከሰው ይገናኛል? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይሰጣል፤ ተደምሮ የኑሮው ልክ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ኑሮን በቁጥር ስትል ሳቄ መጣ። የቀበሌው የስኳር ኩፖን ትዝ አለኝ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ተበላሽቶ የቆመ ስድስተኛ መኪና ተጠግኖ ቅዳሜ ላይ አንድ ቦታ ተከፍቶ ነበር። በሳምንት ሦስተኛ ቀን ማለት ነው፤ ለታማሚ ትልቅ ነገር ነው፣ ውሃው ሳይጠራቀም ይወጣል። ቦታውን የሚያገኘው ኑሮው ከሁሉ የከፋበት ነው፤ ሐሙስ ቀትር ላይ የሐኪሞቹ ኮሚቴ ቁጥሩን አይቶ ይወስናል። ዐረብኛ ለማይችሉት ለኦቦ ደበላ እንዳስተረጉም እኔ ተጠራሁ።

እሑድ ነበር። ወለሉ ገና አልደረቀም፣ አለቃዬ ኮሪደሩ ላይ ሰዓቱን ያያል። ቆሜ፣ ባልዲዬን ሳላስቀምጥ አነበብኩላቸው።

እንቅልፍ? «ነጋ።» ምግብ? «ተመስገን፣ ይበቃኛል።» ሩቅ ይራመዳሉ? «አዎ፣ ሩቅ ነው የምሄደው።» ስፖርት ያዘወትራሉ? እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። ሰው ይጠይቅዎታል? «እግዜር ይስጣቸው።» ያዝናሉ? «ምን ጎድሎብኝ።» አርባውን በአሥር ደቂቃ ጨረስን። እኔም ያሉትን እንዳለ አስተረጎምኩ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም።

ዶክተር ኢብቲሳም ደመረችውና ሳቀች። «ይኸ ሰው ከኔ የተሻለ ይኖራል። እኔ ኩላሊት አለኝ፣ እንቅልፍ ግን የለኝም።» ከክፍሉ ሁሉ የበለጠው ቁጥር የኦቦ ደበላ ሆነ። ከሁሉ ያነሰው የኡስታዝ ኢድሪስ ነው፤ አጠገባቸው የሚተኛ አስተማሪ፣ ገና መርፌው ሳይነካው የሚያቃስት። እኔ ኮራሁ። እኛ አምቦዎች እንዲህ ነን፣ ጠንካሮች ነን እያልኩ ወለሌን ጨረስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሐጃ ዘይነብ ልብስ እያሰጡ፣ ዞር ሳይሉ፣ አጎትሽን ዘበኛ አድርገሽ ቀጥረሽልኛል ወይ አሉኝ።

«ምነው ሐጃ?»

«ሌሊት ለሶላት ስነሣ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። በየቀኑ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው።»

እንቅልፍ፣ አሥር። በአፌ ነው ያስጻፍኩት።

ያን ቀን ማጠቢያው ላይ ሰው ሞልቶ ነበርና ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ጠበቅኋቸው። ባልዲ አልያዝኩም። ወረቀትም አልያዝኩም። ሲመለሱ በርጩማ አቀረብኩላቸው፣ እኔም መሬት ተቀመጥኩ። ሞኝነቴ ቀስ እያለ ይገባኝ ነበር። የባኮውን ሰውዬ ጆንያ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ እኮ። እዚያ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ባገራችን የመጀመሪያው «ደህና» የበር ማንኳኳት እንጂ መልስ እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ዶክተሯ ባታውቅ አይፈረድባትም። እኔ ግን እያወቅሁ በሩን አንኳኩቼ ሳይከፈት ሄድኩ።

«ነጋ?» አልኳቸው።

«ነጋ።»

«እንጭኒ ያሉት ዘመዶችዎ?»

«ነጋ ናቸው። ደብዳቤ መጥቷል።»

«ገላዎ? ክንድዎ? መርፌው የገባበት?»

«ነጋ ነው፣ ተመስገን።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለኔ ድንጋይ ከመሸከም ይከብደኛል። እግሬ ሊነሣ ይላል፣ እኔ እይዘዋለሁ። የግቢው ዶሮዎች እግራችን ሥር ጫሩ። ብልቃጣቸውን አወጡ፣ አንድ ጉንጭ አሉ፣ ክዳኑን አጥብቀው መለሱ።

«ገሩ…» አሉ።

ስተኛ ውሃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል አሉኝ፤ ሦስት ትራስ ደራርቤ አልሆነልኝም፣ ግድግዳውን ጨመርኩበት። ሩቅ ይሄዳሉ የተባለውም እውነት ነው። ከቤት እስከ አውቶቡስ ፌርማታ በቀጥታው መንገድ ስድስት ዚር አለ። «ስድስት ጊዜ ራሴን እምቢ ከምል፣ በባቡሩ ሐዲድ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። እሱ ሩቅ ነው። አራት ቦታ እቀመጣለሁ።» እኔ ይህን ነው ብርታት ብዬ አሥር ያሰጠሁት።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። ባለፈው ወር ሁለት ያገር ልጅ ሞቶ ነበር፣ አንደኛው የጊንጪ ሰው። ኦቦ ደበላ አለመምጣታቸውን አይቼ ምን አኮረፋቸው ብዬ ነበር።

«ድንኳኑ ጋ መድረስ አቃተኝ፤ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ተመለስኩ። ሰው ሞቶ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው፣ ሌሊሴ፣ እሱም ሞቷል። የሚነግረው አጥቶ ነው እንጂ።»

«ታዲያ እሑድ ለታ ለምን አልነገሩኝም?»

አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አልጠየቅሽኝማ፣ ልጄ። አንብበሽ ሄድሽ።»

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተር ኢብቲሳም በር ላይ ነበርኩ። የኦቦ ደበላ ቁጥር ሐሰት ነው አልኳት።

«እሱ ነው የዋሸው ወይስ አንቺ?»

«ማናችንም። እሳቸው ሰላምታ መለሱ፣ እኔ ደግሞ ሰላምታውን አስጻፍኩ። ቸኩዬ ነው።»

ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። የኛም ሰው ሁሉን ነገር አልሐምዱሊላህ ይላል አለችኝ፣ ግን ፊቱን ስለማውቀው ከፊቱ አነባለሁ፣ የናንተ ሰው ፊት አይንቀሳቀስም፣ ይህን ልትነግሪኝ የሚገባሽ አንቺ ነበርሽ። እውነቷን ነው። የተነገረኝን ሁሉ ልተርክላት ስጀምር ግን በእጇ አቆመችኝ።

«ኮሚቴው ታሪክ አይሰማም። ቁጥር ስጪኝ።»

«ሦስት ትራስና ግድግዳ። ከቤት እስከ ፌርማታ አራት ማረፊያ። ያልደረሱበት ለቅሶ ሁለት።»

ለቅሶን በዐረብኛ ቢካ ነው የሚሉት። ብዕሯ እዚያ ላይ ቆመ።

«ቢካ አይሄድም?»

«አልቻሉም።»

ትራሱ የሐኪም ቤት ልማድ ነው፣ ስንት ትራስ ተብሎ ይጠየቃል፤ እሱ አላስደነቃትም። ቢካው ግን ገባት፤ ሱዳንም ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። እንግሊዞቹ ስፖርት ብለው በጻፉበት መስመር ላይ ሰረዝ አደረገች፣ ከሥሩ በዐረብኛ ቢካ ብላ ጻፈች። ከዚያ ራሷ ተነሥታ በየአልጋው ያለውን፣ ቤቱ ያለውንም አስጠርታ፣ ሁሉንም እንደገና ጠየቀች፣ ኡስታዝ ኢድሪስንም ጭምር፣ ቁጭ ብላ። ስብሰባው በሷ ምክንያት ለሁለት ሰዓት ዘገየ።

ቅዳሜው ለኦቦ ደበላ ሆነ። ኡስታዝ ኢድሪስ ማቃሰቱ ማስመሰል ስላልነበረ ሁለተኛ ወጣ፤ ተራው እስኪደርስ አራት ወር ጠበቀ። እስከ ዛሬ በሱ አልጋ በኩል ስጠርግ ቀና ብዬ አላየውም። አንዱን ትክክል ስታደርጊ ሌላው ይጎድላል፤ ይህን የሚለካ ወረቀት ግን አልመጣም።

አሁን ደህና ነን፤ ይኸኛው «ደህና» ከሦስተኛው ሰላምታ በኋላ ያለው ነው። ኦቦ ደበላ በአንድ ትራስ ይተኛሉ። ለቅሶ ቤት እንደ ድሮአቸው ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፤ ሻይ ሲሰጣቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይይዙና ሲቀዘቅዝ አጠገባቸው ላለው ያሳልፋሉ። የሚያውቅ ሰው ሆን ብሎ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ሁለት ሻይ ያገኛላ። እኔም በሳምንት ሁለት ቀን ባልዲውን አስቀምጬ ጠያቂ ሆኛለሁ፤ ከዶክተሯ ጋር አበሻ ታማሚ ሲመጣ ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ። «ብዕርሽን ያዥ እስክልሽ አትያዥ» እላታለሁ። ትስቃለች፣ ግን አትይዝም። ምሽት ላይ ግቢ ውስጥ አልጋችንን አውጥተን ከሐጃ ዘይነብ ጋር ስንጫወት፣ ነፋሱ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል፣ እኔ ተቅበጥባጯ እግሬን ዘርግቼ የት ልሂድ ሳልል እቀመጣለሁ። የአምቦን ብርድ የሚያክል አይሁን እንጂ ብርድ ነው።

በቀደም ለናቴ ስልክ ደወልኩ። ቀኑንና ሰዓቱን በደብዳቤ ነግሬያት አምቦ ቴሌ ሄዳ እንድትጠብቀኝ አድርጌ፣ ኦቦ ደበላን ከማጠቢያው ሲወጡ አስከትዬ ነው የሄድኩት። የሚሰጡት ሦስት ደቂቃ ነው። ልነግራት ያሰብኩትን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ኦቦ ደበላ ወረቀቱን አዩ።

ድምፅዋ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ መጣ። «ነጋ?» አለችኝ። ነጋ። ገላሽ? ደህና ነው። ሥራሽ? ደህና ነው። ደበላስ? ደህና ናቸው፣ ይኸው እዚህ ናቸው። አከራይሽስ? እሳቸውም ደህና። እኔም ሁሉን ጠየቅኋት፤ ቤቱ ደህና፣ ጣራው ደህና፣ ላሟ ደህና። ድሮ ቢሆን ደቂቃው አለቀ ብዬ እጮህባት ነበር። አሁን ጠበቅሁ። እሷ ግን «ገሩ» አላለችም። ከጀርባዋ የመኪና ክላክስና የገበያ ጫጫታ ይሰማል፤ ቅዳሜ ነበር፣ ዘንቢሏን ይዛ እንደቆመች ገባኝ። ምን እስክትል ነው የምትጠብቀው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ የምትጠብቀው እኔን እንደሆነ ገባኝ። ሰላምታውን የጀመረችው እሷ ናት። ጠያቂዋ እሷ ናት።

ወረቀቴን አየሁት። የምላት እዚያ ላይ የለም።

«ገሩ…» አልኩ።

«እሺ» አለች እናቴ። «እሺ፣ ልጄ።»

መስመሩ ተቋረጠ። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ከመስኮቱ ውስጥ ጊዜሽ አልቋል አለችኝ።

ኦቦ ደበላ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ምን አለች አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። አንቺስ ምን አልሻት አሉኝ።

«ሞተሩ ሊሞቅ ሲል ጠፋ» አልኳቸው።

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ከአውቶቡሱ ወርደን በቀጥታው መንገድ ወደ ቤት ሄድን፣ በስድስቱ ዚር በኩል፤ አራተኛው ጋ ቆመው ጣሳውን አነሡና ለኔ ቀዱልኝ። ስጠጣ ዞር ብለው መንገዱን አዩ። እስከ ቤት አንዴ ብቻ ተቀመጡ። ለሚቀጥለው ወር ቅዳሜ እንደገና ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እናቴም ቴሌ በር ላይ ዘንቢሏን ይዛ፣ እሺ እንዳለች፣ የቀረውን ትጠብቃለች።